ሐጀራ፣ ዕቃሽን ከመጫንሽ በፊት

ሐጀራ፣

አከራያችን እትዬ ፀሐይቱ «ፌኔት ሐጀራን ትጸየፋታለች፤ ያጠበችውን ሁሉ ደግማ ነው የምታጥበው» እያሉ ስለ እኔ ለተከራዩ ሁሉ እንደሚያወሩ አውቃለሁ። አንቺም አመንሽ።
ደግ። እመኚ።

ባጃጁ በር ድረስ ይገባል፤ ተሸክመሽ አትልፊ። ቁልፉን ረሻድ ሱቅ ተይልኝ። ትልቁ ድስት ያንቺ ነው፤ ለእኔ ትተሽ እንዳትሄጂ፣ ምጽዋት አልወድም።

ልጄን ሌንሴን ይዣት ወጥቻለሁ። ስትሄጂ ካየች ታለቅሳለች።

ባለፈው እሁድ ሌንሴን አንቺ የሳምሻትን ጉንጯን በሳሙና ስትፈትግ አገኘኋት። ከማን ተማርሽ ብዬ ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም። ሐኪም ቤት የሄድኩት ለዚያ ነው። ይህ እጥበቴ ሕመም ነው አሉኝ፤ እሷ ፊት ደጋግሜ እንዳልታጠብ አዘዙኝ። ዛሬ አንዴ ብቻ ታጥቤያለሁ፤ ይህን ስጽፍልሽ እጄ ወደ ቧንቧው እየጎተተኝ ነው።

ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። አልጠየቅሽም። የእኔም አፍ ለስድብ እንጂ ለዚህ አይፈታም።

ሳህኑንም ብርጭቆውንም ደግሜ አጥቤያለሁ፤ እኔው ያጠብኩትንም፣ እናቴ ያጠበችውንም እንደዚያው ነው የማደርገው። ሌንሴን ግን አንቺ ገላዋን ያጠብሻት ቀን ደግሜ አጥቤያት አላውቅም።