በዜናችሁ ያልሞተው የሲን

ለተከበሩ የሬዲዮው የማታ ዜና ዋና አዘጋጅ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰላም ይሁን፤ እኛ ዜናዎን ሰምተን ያጣነው እንቅልፍም ለእርስዎ ይጨመርልዎ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንባቢዎ «እንደምን አመሻችሁ» ባለ ቁጥር ብቻዬን ተቀምጬ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ንባብ የተማርኩት ስኳር ተጠቅልሎበት በሚመጣ ጋዜጣ ነውና፣ ለዜና ሰው ያለኝ አክብሮት የቆየ ነው። በዚሁ አክብሮት ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በአንድ ሳምንት ምርጫ ያካሄዱትን ሁለት የባዕድ አገሮች ስላስተዋወቁን። በሁለቱም ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በሁለቱም ገዢው ቆጠራው ሳያልቅ አሸነፍኩ አለ፤ በሁለቱም ሰው አደባባይ ወጣ። የመጀመሪያውን «የተሰረቀ ምርጫ» አሉልን፤ የሟቾቹን ስም ከነእናቶቻቸው ልቅሶ አሰሙን፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ሁለተኛው ግን የወዳጅ አገር ነውና «ጥቃቅን ቅሬታዎች» ብቻ ነበሩበት፤ አደባባይ የወጣውም «ሁከተኛ» ተባለ።

ሁለተኛ፣ በዚያው በወዳጅ አገር «መረጋጋት ሰፍኗል» ብለው ስላሳረፉን። በዚያው ምሽት የጎረቤቴ የወይዘሮ ረይሀና ልጅ የሲን፣ እዚያ የከፈተውን የመለዋወጫ ሱቅ ሲዘጋ በወታደር ጥይት ተመትቶ መውደቁን የሥራ ባልደረባው ደውሎ አረዳን። ረይሀና «እትዬ ወርቄ፣ የኔን ልጅ እኮ መረጋጋት ብለው ቀበሩት!» አለችኝ። ለቅሶ ደራሹም ዜናዎን ሰምቶ ኖሮ፣ ገና ከመቀመጡ «ከሁከተኞቹ ጋር ምን አገናኘው?» ይላታል።

ሦስተኛውን ምስጋና ትቼዋለሁ። ወጣት ሳለሁ ሬዲዮ «ፀረ ሕዝብ» ያለው አንድ የሰፈራችን ልጅ ሲገደል፣ ከእናቱ በር ፊት ለፊት እየኖርኩ ለቅሶ ሳልደርሳት ቀረሁ። ያኔ ሬዲዮውን አመንኩ። ዘንድሮ አላምንም። የሲን ሁከተኛ አልነበረም፤ ቢሆንስ እናት የለውም? የእነዚያን ሟቾች ስም ባነበባችሁበት ድምፅ የእሱንም አንብቡልን። እስክታነቡ ድረስ በየሳምንቱ እጽፋለሁ፤ ባልቴት ነኝ፣ ጊዜ ሞልቶኛል።

ዜና የመምረጥ ችሎታዎን ሳደንቅ የምኖር፣

የእርስዎው ጥቃቅን ቅሬታ፣
ወርቅአፈራሁ ፈቀደ
ከሠራተኛ ሰፈር፣ አራዳ

ማስታወሻ፦ ትናንት አንባቢዎ «እንደምን አመሻችሁ» አለ። ዝም አልኩት።

ግልባጭ፦ ለወይዘሮ ረይሀና፤ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት ያነበው ዘንድ በሯ ላይ ይለጠፋል።