ሳይወጣ የቀረው አርባ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ማስተማሩስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የላክሽልኝን ታሪክ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ያህል መከራ ያለበት ታሪክ በደስታ ቢያልቅ ውሸት ይሆናል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ፊደል በራሴ የቆጠርኩ ሴት ነኝ፣ ብዙ አላውቅም፤ ግን አይመስለኝም። የእኛም ቤት እንዲህ ያለ ታሪክ ነበረው። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ቆየ።

አባትሽ ጣራ ገዳም ጫካ ሲደበቅ፣ ፈላጊዎቹ እንዲተዉት ሞተ ብለን ለቅሶ ተቀመጥን። እኔ ፀጉሬን ተላጨሁ፤ አንቺ እውነቱን ስላልነገርኩሽ የምር አለቀስሽ። ከእኔ ሌላ የምታውቀው ጎረቤታችን ፈንታነሽ ብቻ ነበረች። አርባው ሲደርስ ግን በሕይወት ላለ ሰው የሙታን ፍትሐት ማስደረግ ፈራሁ፤ በእጄ የምገድለው መሰለኝ። ፈንታነሽ አውጪለት፣ እግዚአብሔር ልብሽን ያያል ብላ ለመነችኝ። አላወጣሁም። ባሏ ሞቶ አርባ የማታወጣ ሴት የት ታየች ተባለ። ስንቅ ይዤ ስሄድ ተከተሉኝ፤ አባትሽንም አግኝተው ገደሉት።

በሁለተኛው፣ በእውነተኛው ለቅሶ ማን ጠቆመ ሲሉ ዓይኔ ወደ ፈንታነሽ በር ሄደ፤ የሰዉም ዓይን ተከተለ። ስምንት ዓመት ከማኅበርም ከሰርግም ቀረች። አንቺም እንደሰማሽው ጻፍሽ፤ ጠቋሚዋ ፈንታነሽ ከአገር ትባረራለች፣ አባትሽ ይመለሳል፣ ደስታ ይሆናል።

ፈንታነሽ በጥቅምት ታማ ተኛች። በታሪክሽ ኮርቼ ለሰው አውርቼ ነበርና ስሟ እንዳለበት ሰምታ አንብቢልኝ አለችኝ። አንድ ገጽ ዘለልኩ። ገባትና የዘለልሽውን መልሺ አለችኝ። ስጨርስ፣ «ጥሩ ነው። እሱም ተመለሰ፣ እኔም ሄድኩልሽ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ልጅቷ ስለ አርባው አልሰማችም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ወጣሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ቀበርናት። የመጣነው ስድስት ሰዎች ነበርን። ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩላት። ለጠላቷ የምታለቅስ፣ ምን ያለች ደግ ሴት ናት ሲሉ ሰማሁ፤ አላረምኳቸውም።

የታሪክሽን መጨረሻ አትንኪው፤ አባትሽ ይመለስ። ለመጽሔቱ ከመላክሽ በፊት ግን የፈንታነሽን ስም ሰርዢ። በቦታዋም ሌላ ጎረቤት አታስገቢ፤ ጠቋሚዋን ከቤት ፈልጊ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ዕድሜና ጤና፣ መልካም ጎረቤትም ይስጥሽ።

እናትሽ