ሙሉኪያ በጊንጆ ጓሮ

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3። ጠዋት

ውሃ አጠጣሁ። ዛሬም ምንም የለም። አብሬ የዘራሁት የሰላጣ ቅጠል፣ ጀርጂሩ፣ ወጥቷል፤ እሱን ተዪው፣ የትም ይበቅላል፣ በጥሬው ነው የሚበላው። እኔ የምፈልገው ሙሉኪያውን። ከጂዳ ስመለስ በካልሲ ጠቅልዬ ያመጣሁት ዘር። ጎረቤታችን አዴ ኸዲጃ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ምን እንደዘራሁ ጠየቁኝ። ቅጠል ነው፣ ከዶሮ ጋር ይሠራል አልኳቸው። ሰው ከዐረብ አገር ወርቅ ያመጣል፣ አንቺ ሣር ይዘሽ መጣሽ ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ምን ልበላቸው?

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ፋሪስ ናፍቆኛል። የጂዳዋ አሠሪዬ፣ የማዳም ልጅ። ከአራስነቱ ጀምሮ ያሳደግሁት። ሙሉኪያ ካልቀረበለት አይበላም ነበር፤ እሱንም ከእኔ እጅ። የወለድኩት ቢሆን አገር ምድሩ ያጽናናኝ ነበር። የሰው ልጅ ናፈቀኝ ብል ማን ይሰማኛል?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ወጣ! ወጣ! አልሐምዱሊላህ። ጥንድ ጥንድ ቅጠል፣ ደቃቃ።

ከሰዓት ማዳም ደወለች። ፋሪስ ምግብ እምቢ ብሏል፣ አዲሷን ሠራተኛ አልለመዳትም። ቪዛ ልላክልሽ ትላለች። እስከ ዒድ መልስ ትፈልጋለች። እራት ላይ ለአባዬ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ። እማዬ ስትሞት እኔ ጂዳ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ብቻቸውን ነው የኖሩት። ሁኔታቸው አስጨነቀኝና ቀባጠርኩ። ሙሉኪያው እዚህ ከደረሰልኝ ናፍቆቴ ይወጣልኛል፣ የትም አልሄድም አልኩ። ምን አፌን አስከፈተኝ!

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

አጋሮ አክስቴ ዘንድ አድሬ ስመለስ የሙሉኪያው መደብ ላይ ዳስ ተጥሏል። ወይ ጉዴ! አባዬ ናቸው። እንጨት ተክለው፣ በላዩ የሙዝ ቅጠል አልብሰው። ዕድሜ ልካቸውን የቡና ችግኝ ነው ያሳደጉት፤ ለሳቸው ለጋ ችግኝ ያለ ጥላ ማለት ሕፃን ልጅ ራቁቱን ውጭ ማሳደር ነው። ወገባቸውን ይዘው በኩራት አሳዩኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አይዞሽ፣ ይደርስልሻል» አሉኝ።

ሙሉኪያ ደግሞ ቀለቡ ፀሐይ ነው። ወላሂ መናገር አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ሙሉኪያው ሽቅብ ተመዟል። ቀጭን፣ የገረጣ። አባዬ ለቀትር ሶላት፣ ለዙህር፣ መስጊድ ሲሄዱ የሙዙን ቅጠል አነሣለሁ፤ ከመምጣታቸው በፊት እመልሳለሁ። በገዛ ጓሮዬ ሌባ ሆንኩ እኮ።

ፋሪስን በሕልሜ አየሁት። ማንኪያ ይዞ ይጠብቀኛል። ስነቃ አለቀስኩ። ቢደርቅ ይድረቅ ያልኩበት ሰዓትም አለ፤ ከደረቀ መሄጃ ምክንያት አገኘሁ ማለት ነው። አስተግፊሩላህ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ተያዝኩ። አባዬ መነጽራቸውን ረስተው ከመንገድ ተመለሱ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜያለሁ፣ የሙዝ ቅጠል ታቅፌ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ፀሐይ ይወዳል እንዴ? ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ሶላታቸውን ቤት ሰገዱና ዳሱን በእጃቸው ማፍረስ ጀመሩ። እንጨቱን እየነቀሉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ ይደርሳል ብዬ ሳጠወልገው ጂዳ የምሰድሽ እኔው ልሆን ነበር አሉ። እኔ የወደቀ ምስማር ለቀምኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ቆረጥኩት። ጥቁር አረንጓዴ፣ ፋፍቶ። በቢላ አድቅቄ፣ ነጭ ሽንኩርት በድንብላል ጠብሼ፣ በዶሮ መረቅ ሠራሁት። መጣ! ያው ጣዕሙ፣ ያው ሽታው፣ ያው እንደ ተልባ መዝለግለጉ። ለአባዬ በሩዝ አቀረብኩ። አልወደዱትም፤ አፋቸው ውስጥ ሲያዞሩት ያስታውቃል። ግን ጨምሪልኝ አሉ። ያንንም ጨረሱ። ሲበሉ ዓይናቸው ሳህኑ ላይ አልነበረም፣ ፊቴን ነው የሚያዩት። ናፍቆትሽ ወጣልሽ ወይ አሉኝ።

ወጣልኝ አልኳቸው።

ዋሸሁ። ጭራሽ ባሰብኝ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳነሣ እጄ ወደ አፌ አልሄደም፤ ወደ ጎን ዘረጋሁት፣ እሱ ይቀመጥበት ወደነበረው ወገን። አባዬ አይተዋል።

ወሰንኩ። ፋሪስ እናት አለው። አባዬ ከእኔ ሌላ የላቸውም። ነገ ለማዳም እደውላለሁ፤ አልመጣም እላታለሁ። እንዴት አድርጌ እንደማጎርሰው አንድ በአንድ እነግራታለሁ፣ እሷ ታጉርሰው፣ ይለምዳታል። ልጁን አገናኚኝ ግን አልላትም። ድምፁን ከሰማሁ እሄዳለሁ።