የአሥራ አንድ ዓመት ፋይል፣ አንድ ብልቃጥ ምራቅ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

አገኘችው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበትን፣ እህቴ ምሕረት በአንድ ብልቃጥ ምራቅ አገኘችው።

ጠዋት ገቢ ደብዳቤ እየመዘገብኩ ሳለ ደወለች። «እትዬ! የአባባ ዘመድ ተገኘ!» ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል። ታናሽ እህቴ አዋሽ ሰባት ኪሎ ስምንት አልጋ ያለው ማረፊያ አላት። ባለፈው ጥቅምት አንዲት የኖርዌይ መሐንዲስ እሷ ዘንድ ሰንብታ ስትሄድ የዘር መመርመሪያ ብልቃጥ ሰጠቻት። ምሕረት እንትፍ አለችበት፣ ሴትዮዋ ይዛው ሄደች። ልፋቷ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም።

የኔን ልፋት ልጻፈው፤ ሌላ የሚጽፍልኝ ሰው የለም። ሁለት ጊዜ ድሬዳዋ ወርጄ የድሮውን ምድር ባቡር መዝገብ አገላብጫለሁ፤ አቧራው ሳምንት ሙሉ አስሎኛል። ለሸዋ ደብሮች ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ የመለሰልኝ አንድ ደብር ብቻ፣ እሱም «አናውቀውም» ብሎ። ጡረተኛ ሽማግሌዎችን ስጠይቅ ከርሜያለሁ፤ አንዱ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ሌላ ሰው አጫወተኝ። የዓመት ፈቃዴ ሁሉ በዚህ አለቀ። ይህ ሁሉ ወልዴ የሚባል ሰው ፍለጋ ነው። አባባ አለሙ ወልዴ ነው። አያታችን ወልዴ ከሸዋ ወርደው ሐዲድ ሲሠሩ ሞቱ፣ ልጃቸው አዋሽ ቀረ፤ ቤታችን ውስጥ የሚታወቀው ይህ ነበር። አባባ ራሱ በሕይወት ሳለ ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ ወሬ ይለውጥ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት።

«ያለን በይ እንጂ!» አለች።

ቀንቻለሁ። ለገዛ ማስታወሻዬ መዋሸት ምን ይጠቅመኛል?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ምሕረት ዝርዝሩን በቴሌግራም ላከችልኝ። የተገኘው ልጅ ጅብሪል ይባላል፣ ኖርዌይ ነው የሚኖረው። ምርመራው እሱና ምሕረት የቅርብ ዘመድ ናቸው ይላል። አያቱ እማማ ፋጡማ ይመር፣ የባቲ ሰው፣ በድርቅ ዘመን ከአጎቱ ጋር ግመል ነድቶ ወደ አዋሽ የወረደ ወንድም ነበራቸው። አጎትየው መንገድ ላይ ሞተ፣ ወንድማቸውም በዚያው ቀረ። ያ ወንድም አባባ ነው እየተባለ ነው።

ፋጡማ ይመር! ሳቄ መጣ። የኛ ወልዴ የሸዋ ሰው፣ ክርስቲያን። «ማሽኑ ተሳስቷል» ብዬ ጻፍኩላት፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ከሰዓት መለሰችልኝ። «ሁለቴ ተረጋግጧል ይላል። ደግሞ እትዬ፣ እማማ ፋጡማ የት እንደሚኖሩ ታውቂያለሽ? ሎጊያ!»

ሎጊያ። እኔ ካለሁበት ከሰመራ በባጃጅ ሩብ ሰዓት። ዘይትና ሽንኩርት የምገዛው እዚያ ነው። ቤታቸው ከጎማ ቤቶቹ ጀርባ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር። በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ!

ቅዳሜ ከአዋሽ መጥታ አብረን ልንሄድ ተባባልን። «ሳልመጣ እንዳትሄጂ፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

መብራት የለም። ፋኑ ቆሟል፣ ወረቀቱ ክንዴ ላይ ይጣበቃል።

ምሕረት ፌስቡክ ላይ «የጠፋው ወገኔ ተገኘ» ብላ ከአባባ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ለጥፋለች። እዚያ ፎቶ ላይ እኔም ነበርኩ። ቆርጣው ትከሻዬ ብቻ ቀርቷል። ከሥሩ ሰው ሁሉ «ጀግና ነሽ» ይላታል። ምን ስላደረገች? ስለተፋች?

አባባ የመጨረሻ ዓመቱን የኖረው እኔ ቤት ነው። ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት፣ ክኒኑን በሰዓቱ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሷ በወር አንዴ ሐብሐብ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ድምጿን ከበር ሲሰማ ከአልጋው ይነሳ ነበር። ለኔ አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ሁልጊዜ አጠገቡ ስለነበርኩ ይሆናል እላለሁ፤ ስለው ግን አያጽናናኝም።

ለነገ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ለምን እንደሆነ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ሄድኩ። ምን ልልበስ ብዬ ሦስቴ ለዋወጥኩ። አባባ በምድር ባቡር የተቀጠረበትን ፋይል በፌስታል ያዝኩ። ከባቡር መሥሪያ ቤት እንዴት እንዳወጣው ጠይቄው አላውቅም፤ ሊሞት ሰሞን ነው የሰጠኝ።

እማማ ፋጡማ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ሰሌን ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። «ግቢ ልጄ፣ ሙቀቱ አይቻልም፣ ውሃ ጠጪ» አሉ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ። የወንድምዎ ልጅ ነኝ አልኳቸው። እህት እንዳለኝ አልተናገርኩም። ይኸው ጻፍኩት፤ አልተናገርኩም።

ሰፌዱን ጥለው ተነሱ፣ በሁለት እጃቸው እጄን ያዙኝ። «ያ ረቢ! ወላሂ በይ! አባትሽ ማን ይባላል?»

እኔም እንደ ቢሮ ሰው ፋይሉን ገልጬ አነበብኩላቸው። «አለሙ ወልዴ።»

«ወልዴ ማን?»

«ወልዴ ገብረየስ፣ የሸዋ ሰው።»

እጄን ለቀቁት። ቀስ ብለው ነው የለቀቁት። «የኔ ወንድም ዓሊ ነው። ዓሊ ይመር፣ ይመር ሰይድ፣ ሰይድ እንድሪስ። የሰው ስም ሊለወጥ ይችላል። የአባት ስም ግን እንዴት ይለወጣል ልጄ?»

ስለ ምራቁ ላስረዳ ሞከርኩ። የማን ምራቅ? የኔ አይደለም። ተንተባተብኩ።

«ጅብሪል ገር ነው» አሉ። «እኔ ስድሳ ዓመት ጠብቄያለሁ። በማይሆን ሰው ልቤን አትስቀይብኝ። በሰላም ግቢ።» ያም ሆኖ ውሃውን እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ምሕረት እያለቀሰች ደወለች። እማማ ፋጡማ ለጅብሪል «አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ መጥታ የማናውቀውን ሰው ወንድምሽ ነው አለችኝ፤ ሁለተኛ ሰው እንዳትልክብኝ» ብለውታል። እሱም አፍሮ ነገሩ ይቅር ብሏል።

«አንቺ ነሽ እንዴ እትዬ?»

«እኔ? ቢሮ ነው የዋልኩት።»

እንዴት ቀለለኝ! ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም።

እሷ ግን ቢቆጡም እግራቸው ሥር ወድቄ እለምናለሁ፣ እመጣለሁ አለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ፣ ፋይሉን አወጣሁ። መዝገብ ቤት ስሠራ ስንት ፋይል በእጄ አልፏል፣ የዋስትና ቅጽ የሌለው የለም፤ ዋስ የሌለው ሰው አይቀጠርማ። ቅጹን ግን ማንም አያነበውም። መኖሩን አይተን ምልክት አድርገን እንገለብጠዋለን። የአባባንም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስገለብጠው ኖሬያለሁ።

ዛሬ አነበብኩት። የዋሱ ስም፦ ወልዴ ገብረየስ፣ የሐዲድ ሠራተኞች አለቃ (ካቦ)። ከተቀጣሪው ጋር ያለው ዝምድና፦ የለም። ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ በጠማማ ጽሑፍ፦ ልጁን ያሳደገው ስለሆነ በአሳዳጊው ስም ተመዝግቧል።

የለም። አያት ብዬ ደብር ለደብር የፈለግሁት ሰው ዋስ ነበር። እኔ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ! በሌላ ሰው ፋይል ባየው ስቄ እሞት ነበር። ምሕረት ምራቋን ባትተፋ ኖሮ እስክሞት ወልዴን ስፈልግ እኖር ነበር። ይህን መጻፍ ጥርስ እንደመነቀል ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ስምንት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተቀበልኳት። አቧራ ለብሳለች፣ ሐብሐብ ይዛለች። ቅጹን አሳየኋት። ሐሙስ የሆነውን አልነገርኳትም፤ ባጃጅ ውስጥ እነግራታለሁ አልኩ፣ አልነገርኳትም። በሩ ላይ እነግራታለሁ አልኩ። እማማ ፋጡማ ከፈቱ።

«አሁንም መጣሽ?» አሉኝ።

ምሕረት አንዴ ብቻ አየችኝ።

እዚያው እንደቆምኩ የዋስትናውን ቅጽ አነበብኩ። ዝምድና የለም የሚለው ላይ ስደርስ «ድገሚው» አሉኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ ድንገት ጠየቁ፤ «ሥጋ ይበላ ነበር?»

«ሆዱን ያመዋል፣ አይበላም ነበር» አለች ምሕረት።

አባባን ግን ያስታመምኩት እኔ ነኝ፣ ሆዱን ታሞ አያውቅም። «አንድም ቀን በልቶ አያውቅም» አልኩ። «በፋሲካም ሽሮ ነበር የሚበላው። እናታችን ታኮርፍ ነበር።»

እማማ ፋጡማ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «የክርስቲያን ሥጋ ስለሆነ ነዋ! ክርስትና ቢያነሱትም፣ ስሙን ቢለውጡትም ያንን አልተወውም። ዓሊዬ! ሥጋ ሳትበላ ኖርህ?» ብለው አለቀሱ። እኛም አለቀስን። ለምን ወደ ቤቱ እንዳልተመለሰ የሚነግረን የለም። ካቦ ወልዴን ማሳዘን ፈርቶ ይሆን? ወይ መንገዱ ጠፍቶት?

የምሕረትን ግንባር በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ «የኔው ግንባር ነው» አሉ። እኔ ማንን እንደምመስል አልተናገሩም። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አፉ በይኝ ልጄ፣ ከደጄ መለስኩሽ።» አጥፊዋ እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂዋ እሳቸው። ነገ ምሳ ጠሩን። «ለእናንተም ሽሮ ነው፣ አታስቡ» አሉ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ምሕረት «ለምን?» አለችኝ።

«ቀናሁብሽ።»

ባለ ባጃጁ ሙዚቃውን ቀነሰ፤ ሊሰማ ነው።

«አንቺ? በኔ?» አለች። «አባባ አንቺ ቤት ኖረ፣ አንቺ ቤት ሞተ። ፋይሉን ላንቺ ሰጠ። አንድ ቀን አሳይኝ ብልሽ ‹ታቀላቅዪዋለሽ፣ ተይው› አልሽኝ። እኔ ከአባባ ምን ነበረኝ? ያው ምራቄ ነዋ።»

ያልኳት ትዝ አለኝ። ልክ በዚህ ቃል ነው ያልኳት።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ምሕረት እንደኮረፈች ናት፣ ግን ፀጉሬን ሠራችልኝ። ለእማማ ፋጡማ እንድታምሪ ነው አለች። ሳብ አድርጋ ነው የሠራችው፣ ሆን ብላ ይመስለኛል።

ምሳ ሳንሄድ ፋይሉን ኮፒ አስነሳለሁ፤ ኮፒ ቤቱ እሑድም ክፍት ነው። አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለሷ። ሌሊቱን ኮፒውን እሰጣታለሁ ብዬ ነበር ያደርኩት። ታላቋ እኔ ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት የደከምኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ግን ሳያት ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አውራ ጣቷን የአባባ ፊርማ ላይ ጭና ተቀምጣ ነበር። ፊርማውን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

ኦሪጅናሉን ልሰጣት ወስኛለሁ። ኮፒ ቤት እስክንደርስ ሐሳቤን ካልለወጥኩ።