እጄን ስላነሣሁባት ቅጽበት

ለተከበሩ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ጣቢያ ኃላፊ፣
ደብረ ታቦር

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ከሁሉም በላይ ያ የፈተና ኮምፒውተርዎ በጤና እንደከረማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ፊልም እያዩ አደጋ ብቅ ሲል ቁልፍ በሚጫኑበት፣ አደጋን ቀድሞ በማየት ፈተና ስለጣላችሁኝ በቅድሚያ ላመሰግን እወዳለሁ።

ለፈተናው ስዘጋጅ ክረምቱን ሙሉ መናኸሪያው ጥግ ቆሜ፣ ቁልፍ የምጫን ይመስል፣ ከጉም ውስጥ ድንገት ብቅ ለሚል ባጃጅና አህያ ሁሉ ጭኔን በጣቴ መታ አደርግ ነበር። ልማዱ አልለቀቀኝም። እናቴ ከመደቡ ስትነሣ ጣቴ ይንቀሳቀሳል። በር ሲንኳኳም። ለዚህም ስጦታ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዬን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያዎቹ የፈተና ፊልሞች የሚታየው ከተማ መንገዱ ሰፊ፣ ቀለሙ ያልለቀቀ፣ እግረኛውም ተራውን ጠብቆ የሚሻገር ነው። እንዲህ ያለ አገር መኖሩን ስላሳወቁን እናመሰግናለን።

፪ኛ. በመጨረሻው ፊልም መኪናው በቤተ ክርስቲያን በር ሲያልፍ፣ እንደ ማንኛውም የአገራችን ሾፌር እጄን አንሥቼ አማተብኩ። አንድ በግ ከባለቤቱ አምልጦ መንገድ የገባው በዚያች ቅጽበት ነው። ቁልፉን ሳልጫን ቀረሁ። ፈታኝዎ አቶ ተስፋነህ ከኋላዬ ቆመው ሲያማትቡ በስክሪኑ መስታወት አይቻቸዋለሁ፤ ፈተናው ሲያልቅ ግን ከፈጣሪ ጋር ያለኝን ጉዳይ ከፈተና በፊት ጨርሼ እንድመጣ መክረውኛል።

፫ኛ. እናቴ። ጉልበቷ ታሞ ሚኒባስ ላይ መውጣት አቅቷታል። ዋንዛዬ ፍል ውሃ እንዳደርሳት ጎረቤታችን የሱፍ መኪናውን ሊያውሰኝ ቃል ገብቷል፤ መንጃ ፈቃድ ሳላሳየው ግን ቁልፉን አይሰጠኝም፣ ልክም ነው። ድጋሚ ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ነው ተብያለሁ። የእናቴ ፎጣ ታጥፎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ይህን ለምን ከቅሬታ እንደቆጠርኩት አላውቅም። በፊልሙ ውስጥ የለም።

ከወንበርዎ ሳይነሡ የአገሩን መንገድ ሁሉ ለሚያዩት ዓይኖችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

መልካሙ ጥላዬ
አደጋን ቀድሞ ማየት የተሳነው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት መኪናዎን ከግቢ ወደ ኋላ ሲያወጡ፣ ክዳን ወደሌለው ቦይ ሲጠጉ ከማዶ ሆኜ አየሁ። ጣቴ ጭኔን መታ። የምጫነው ቁልፍ ስላልነበረ እጄን አወዛወዝኩ፤ እርስዎም ሰላምታ መስሎዎት እጅዎን ከመሪው አንሥተው በትሕትና አጸፋውን መለሱልኝ። ቦዩ ውስጥ የገባውን ጎማዎን ገፍተን ካወጣነው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። አይዘኑ፤ ድጋሚ ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ነው።