ቀን ያተረፈልን ድንጋይ

ዱብቲ፣ ሰኞ

ድንጋይ የለም። ሲሚንቶው ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ከገባ አራት ቀኑ፤ ግንበኞቼ ጥላ ሥር ተጋድመዋል። ድንጋይ የሚፈለጥበት ቦታ ሩቅ፣ መኪናችን አንድ፣ እሱም ሚሌ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል። መሐንዲሱ ጠዋት መጥቶ፣ «ካቦ፣ ወንዙ ሳይሞላ የቦዩ ግንብ ካላለቀ የእርሻውን ጥጥም የሠራተኛውን ጎጆም ውሃ ይወስደዋል። አሥራ ሁለት ቀን አለህ» አለኝ። ካላደረስኩ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ ወልዲያ ነው።

ማክሰኞ

ተመስገን! ከቦዩ ማዶ፣ ጉብታው ላይ፣ ጥቁር ድንጋይ ክብ ሆኖ ተከምሮ አገኘሁ። እኛ አገር እንዲህ የሚከምረው ማሳውን የሚያጸዳ ገበሬ ነው፤ የፈለገ ያነሳዋል። ግንበኞቹን በቃሬዛ አሸከምኳቸው፣ እስከ ማታ መሠረቱ ሞላ። አምስት ቀን አተረፍኩ፣ ነዳጁ ሳይቆጠር። ለመሐንዲሱ አፌን ሞልቼ ነገርኩት። «ጎበዝ!» አለኝ።

ረቡዕ

ጉዴ ፈላ። ዘበኛችን ሁመድ፣ የዚሁ አገር የአፋር ልጅ፣ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሄዶ ዛሬ ተመለሰ። ጉብታውን አየና መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ካቦ፣ ይሄ እኮ መቃብር ነው። የሽማግሌያችን የሐጂ ዓሊ አባት እዚህ ናቸው።»

ክው አልኩ። ማን ነገረኝ ልበል? ማንን ጠየቅኩና! ገበሬ ያጸዳው መስሎኝ። ግመል አርቢ አገር ላይ ምን ገበሬ አለ? አይ እኔ።

ሐሙስ

ሐጂ ዓሊ ብቻቸውን መጡ። ሁመድ አስተረጎመ። «አባቴ ምን በደለህ?» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አላወቅኩም፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። «አላህ ያውቃል። ድንጋዩን መልስ።»

መሐንዲሱ ሌላ ድንጋይ ከምርላቸው አለ። እኔም አስቤው ነበር፣ አልዋሽም። ሁመድ ግን፣ «እያንዳንዱን ድንጋይ ለቀብር የመጣ ሰው ነው በእጁ ያስቀመጠው» አለኝ።

ዓርብ

መሠረቱን አፈረስነው። ግንበኞቹ አበደ ተባባሉ፣ ሰማኋቸው። ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ ገደል ገባ፤ ያተረፍኩት ቀንም ከነወለዱ ሄደ። መሐንዲሱ ሲጮህብኝ ዋለ። «ከደረስክ ደረስክ፤ ካልደረስክ ዱብቲ ላይ እንዳላይህ!»

ቅዳሜ

ድንጋዩን እኔም ተሸከምኩ። ሐጂ ዓሊ እየተቀበሉ ራሳቸው ደረደሩ። ሲሚንቶ የነከሰውን አንዱን በጩቤያቸው ፋቁት፤ አልለቅ አላቸው። ደጋግመው ፋቁት። እንዲያው መሬት ብትውጠኝ አልኩ። በመጨረሻ ከነሲሚንቶው አስቀመጡት።

ሲጨርሱ በሁመድ በኩል፣ «የአንተ አባት የት ተቀበረ?» አሉኝ።

«ወልዲያ።»

«ማን ይጠብቀዋል?»

ከሄድኩ ስንት ዓመቴ! ጩቤያቸውን ወደ አፎቱ መልሰው ሄዱ። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላወቅኩም።

እሁድ

ወንዙ ቀልቷል፤ ከትናንቱ አንድ ስንዝር ጨምሯል። መኪናው ተጠግኖ መጣ። ሰንበት ሽሬ ሁሉንም ሠራተኛ ለሥራ አስወጣሁ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። እንደርስ እንደሆን እንጃ፤ ፈርቻለሁ።

ድንጋይ የሚፈለጥበት ቦታ ስንደርስ መዶሻ ሳይነሳ ሁመድን ጠራሁት። «ይሄስ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም ካቦ፣ ተራራ ነው።»

ደግሜ ጠየቅኩት።