ፓኤያ አይማሰልም

ቁጥር፦ የለውም፤ ጋራዤ ውስጥ መዝገብ ቤት አልከፈትኩም
ቀን፦ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበራችሁ የማኅበራችን አዳራሽ አስተዳደር ኮሚቴ አባላት፣ በተለይም ለሊቀመንበራችን ለክብርት እትዬ ሸዋዓለም
ራንድል፣ ካልጋሪ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ጤናችሁ እንዴት ነው? የቅዳሜው ሩዝ ሆዳችሁን እንዳልጎዳው ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የምክትል ሊቀመንበራችን የአቶ አድማሱ ሁኔታ አሳስቦኛል፤ በደብዳቤያችሁ «ለእንግዳ የሚቀርብ አይደለም» ያላችሁትን ምግብ ሦስት ጊዜ ሲያስጨምሩ በዓይኔ አይቻለሁና። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ትናንት የደረሰኝ ደብዳቤያችሁ ትንሽ ደሜን ከፍ ከማድረጉ በቀር።

ይህን ጽሑፍ በማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚያነብ ሰው ግራ እንዳይጋባ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ስሜ ደርበው ይባላል፤ ታራዴል የምኖር የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ባለቤቴ ፀሐይወርቅ ካረፈች በመጪው ሐምሌ 19 ሰባት ዓመቷን ትደፍናለች። ካልጋሪ ከመምጣታችን በፊት በስፔን አገር፣ ከቫሌንሲያ ወጣ ባለች የሩዝ ማሳ በከበባት መንደር ስምንት ዓመት ኖረናል። እኔ ብርቱካን ስለቅም እሷ በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ትሠራ ነበር፤ ያ ቤት የሚታወቀው ደግሞ ፓኤያ በሚባለው የአገሩ የሩዝ ምግብ ነው። ስሙ የመሥሪያው ስም ነው፤ ሰፊ፣ ዝርግ፣ ሁለት ጆሮ ያለው የብረት መጥበሻ። መጀመሪያ ዶሮው በዘይት ይጠበሳል፣ ፎሶልያውና ነጩ ባቄላ ይገባል፣ የተፈቀፈቀ ቲማቲም፣ የማያቃጥል ቀይ በርበሬ፣ ሩዙን ቢጫ የሚያደርገው ሳፍሮን፣ ውሃ፣ በመጨረሻም ሩዙና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል። ሩዙ ከገባ በኋላ ንጉሥም ቢመጣ ማንም አይነካውም። ከሥር ያለው ቀላ ብሎ ከብረቱ ጋር ይያያዛል፤ የአገሩ ሰው የሚሻማው እሱን ነው። ሲደርስ ሰሃን የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ማንኪያውን ይዞ መጥበሻውን ይከባል፤ ከፊቱ ከፊቱ ይበላል።

ካልጋሪ በገባን በመጀመሪያው የበረዶ ወራት፣ እኔ ስገባ እሷ ስትወጣ፣ ፀሐይወርቅ ራንድል በነበረችው ጠባብ ቤታችን ብቻዋን ስትበላ ከረመች። ከዚያ አንድ እሑድ ያንን መጥበሻ አወጣችው። በባቡር ጣቢያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኘችውን አዲስ መጪ ሁሉ እየጠራች ዙሪያውን ታስቀምጥ ጀመር። «ሰው በሰሃን ሲሰጡት ይዞ ጥግ ይሄዳል፤ መጥበሻውን መሀል ሲያስቀምጡለት ግን የት ይሄዳል?» ትል ነበር። ሆስፒታል ተኝታ ሳለችም የሰጠችኝ አደራ ይኸው ብቻ ነበር፤ ሰው ስለ እኔ ሲበላ በሰልፍ አይብላ፣ መጥበሻዬን ክበቡልኝ አለችኝ።

አርባዋን በዚያው በአዳራሻችን አወጣሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ አደራዋን ዋጥኩና እንደ ደንቡ አደረግሁ። መቶ ሰው በሰልፍ ተነሣ፣ በፎም ሰሃን ተቀበለ፣ ጥግ ጥጉን ይዞ በላና «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። ያን ቀን በራሴ ያፈርኩት እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ለሰባት ዓመቷ አዳራሹን ስለምን፣ የምንበላው ፓኤያ ነው ብዬ አስቀድሜ በግልጽ ጻፍኩ። እናንተም ናሙና አሳየን አላችሁኝ። ጾመ ሐዋርያት በተፈታበት ቅዳሜ ሐምሌ 5 በአዳራሹ ጓሮ ሠርቼ አሳየኋችሁ። ትናንት መልሳችሁ ደረሰኝ፤ አዳራሹ ተከልክሏል። ምክንያቶቻችሁን በቁጥር ስለዘረዘራችሁልኝ እኔም በቁጥር ላመስግናችሁ።

1. «ምግቡ የባህላችን አይደለም» ስላላችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ባህሌን የሚጠብቅልኝ አካል መኖሩን ማወቅ ያጽናናል። ሆኖም በዚያው ሳምንት ለስታምፒድ፣ ለከተማችን የላም እረኞች በዓል ተብሎ በዚያው ጓሮ፣ በዚያው ምድጃ ላይ ፓንኬክ ስትጋግሩ ስለነበር፣ ፓንኬክ ከየትኛው ክፍለ ሀገር የመጣ ባህላችን እንደሆነ ብትነግሩኝ ለሰፈሬ ልጆች አስተምራለሁ። ስለ ባህል መጠበቅ ረዥሙን ንግግር ያደረጉልኝ አቶ አድማሱ በዚያች ሰዓት የላም እረኛ ባርኔጣ ደፍተው፣ ባለ ተረከዝ ቦት ጫማ ተጫምተው እንደነበር ለታሪክ ያህል ይመዝገብልኝ። ባርኔጣው እንዳማረባቸው ግን አልክድም።

2. «ጥንቸል፣ ቀንድ አውጣና የባሕር ነፍሳት ይገባበታል ተብሎ ተጠርጥሯል» ብላችኋል። እውነት ነው፤ የአገሩ ሰው ጥንቸልም ቀንድ አውጣም ይጨምርበታል፤ ከባሕር ዳር ያለው ደግሞ ሽሪምፕ ያስገባል። ፀሐይወርቅ ግን እዚያ ጓዳ ስምንት ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን ቀምሳው አታውቅም። ለቤታችን የምትሠራው በዶሮ ብቻ ነበር፤ ዶሮውንም ራሴ ባርኬ አርጄ። የሠራሁላችሁም እሱኑ ነው። ፀሐፊያችን አቶ ኪራኮስ ዛጎል ነው ብለው በናፕኪን ጠቅልለው ለማስረጃ ኪሳቸው የከተቱት ነገር ባቄላ ነው። ነጭ፣ ጠፍጣፋ ባቄላ። ካላመኑ ተክለው ይዩት።

3. «ብዙ ሰው ከአንድ ዕቃ መብላቱ ለጤናም አይመችም፣ ለእኛም ሕዝብ እንግዳ ልማድ ነው» የሚለውን ሳነብ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ከአንድ ትሪ ስንቆርስ ያደግን፣ ከፊትህ ብላ እየተባልን እጃችንን እየተመታን የተማርን ሰዎች ነን። ይህን የጻፈ እጅ ስንት ሰው አጉርሶ ይሆን?

4. «ሩዙ ገንፎ ሆኖ ቀርቧል፤ ባለሙያነቱ አጠራጣሪ ነው» ብላችኋል።

ክብርት ሊቀመንበር እትዬ ሸዋዓለም፣ እዚህ ላይ ለብቻዎ እንድናገርዎ ይፍቀዱልኝ። ሎሚውን ከመኪናዬ ላመጣ ሄጄ ስመለስ፣ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፣ እርስዎ ከቤትዎ በፌስታል ይዘውት የመጡትን ረዥም የእንጨት ማማሰያ በሁለት እጅዎ ጨብጠው የባለቤቴን መጥበሻ ዙሪያውን ሲያማስሉ ደረስኩ። «እንዳያርርብህ ብዬ ነው የኔ ወንድም» አሉኝ። አልተቆጣሁም። ስንት ሠርግና ስንት ልቅሶ ያማሰለ እጅ እሳት ላይ የተጣደ ነገር አይቶ ዝም ማለት እንደማይችል አውቃለሁ፤ ሁላችንም ያደግነው ያልተማሰለ ያርራል ሲባል እየሰማን ነው። ባለቤቴም በመጀመሪያው ወር ያንን ስፔናዊ የምግብ ቤት ጌታ ያስለቀሰችው በዚሁ ጥፋት ነው። ስለዚህ «አይዞዎት፣ ምንም አይደለም» ብዬ ገንፎውን አቀረብኩ። በማግሥቱ ግን ያው ያማሰለው እጅ ብዕር አንሥቶ ገንፎ ነው ብሎ ይፈርምብኛል ብዬ አልጠበቅሁም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ስለ ደግነትዎ አመሰግናለሁ፤ ስለ ፊርማዎ ግን እግዚአብሔር ይይልዎት።

5. «ተዝካር በባዕድ ምግብ መደረጉ የሟቿን ክብር ይነካል።»

ተናድጃለሁ። ማታ ከሥራ ገብቼ አነበብኩት፣ ሳልበላ ተኛሁ። አቶ ኪራኮስ፣ የእጅ ጽሑፍዎን አውቀዋለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚህ አገር ሲገቡ ማንንም አያውቁም ነበር፤ ያን ጊዜ ከመጥበሻዋ ዙሪያ በበሩ በኩል ያለችው ቦታ የእርስዎ ነበረች። ኮትዎን ሳያወልቁ ነበር የሚቀመጡት፤ ለመሄድ የቸኮሉ እንዲመስሉ። እሷም ያረረውን ከሥሩ እየፋቀች በእርስዎ በኩል ትገፋልዎት ነበር። ክብሯ በምን እንደሚነካ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ስለዚህም ከሌላ ሰው እጅ ቢመጣ ኖሮ ይህን ያህል ባላመመኝ ነበር።

ስለ ሥርዓቱም ተጨንቃችሁ እንደሆነ የነፍስ አባቴን ጠይቄያለሁ። ጸሎቱ በጠዋት በቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ ስለ ምግቡ «ልጄ፣ የሚጾም ቀን አይደለም፣ የተከለከለም ሥጋ የለበት፤ ዝክር የሚባለው ሰው ሲበላበት ነው» ብለውኛል። ከዚህ ኮሚቴ በላይ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ እንዳለ ስላስታወሳችሁኝም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

እንግዲህ አዳራሹን ስለከለከላችሁኝ የሚከተለውን በአክብሮት አስታውቃለሁ። የፀሐይወርቅ የሰባት ዓመት ተዝካር ቅዳሜ ሐምሌ 19፣ በቅዱስ ገብርኤል ዕለት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ ታራዴል በሚገኘው ቤቴ ፊት፣ መኪናዬን በማቆምበት በድራይቭዌዬ ላይ ይደረጋል። የእኔ ስለማይበቃ ጎረቤቶቼ ያቤጽና ባለቤቱ ደቦራ የእነሱንም ሰጥተውኛል። እነሱ ጴንጤዎች ናቸው። ያቤጽ የመለሰልኝን እንዳለ ልጻፈው፤ «ጋሼ፣ ተዝካሩን እኛ ቢሊቭ አናደርግበትም፣ ድራይቭዌያችንን ግን ዩዝ አድርጉት፤ መኪናውን መንገድ ላይ ፓርክ አደርጋለሁ፣ ማንኪያችንን ይዘን እንመጣለን» አለኝ። ከአዳራሹ ኮሚቴ ያጣሁትን ከአጥር ማዶ አገኘሁት።

ከስካይቪው ራንችም ሆነ ከራንድል የምትመጡ፣ ሳድልታውን ባቡር ጣቢያ ስትደርሱ ኮል አድርጉልኝ፤ ሰው ልኬ አስመጣችኋለሁ። ሺፍት ያለበት ቀድሞ ይምጣ፣ ከሺፍት የሚወጣም ዘግይቶ ይምጣ፤ መጥበሻዋን ሃያ ሰው ይከባታል፣ ሦስት ዙር እሠራለሁ። ነፋስ ከተነሣ በጋራዡ በር እንከልላለን። መሀል ከተማ ወርዶ ፓኤያ መብላት የሚሻ ሰው ካለ መብቱ ነው፤ ከሽሪምፕ ጋር በሻማ ብርሃን የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፣ ደግሞም ይጣፍጣል ይላሉ። ነገር ግን እዚያ ከጎንህ የተቀመጠው ሰው የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅህም። እኔ ጋ ይጠይቅሃል፤ ማምለጫም የለህም።

ደንቡ ሦስት ነው። ማንኪያ ይዞ መምጣት፤ ከፊት መብላት፤ ሰሃን አለመጠየቅ። ኮሚቴው ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ እንደ ኮሚቴ ሳይሆን እንደ ሰው። የምትከለክሉኝ አዳራሹን ነው፤ አደራዋን ግን የምትከለክሉበት ማኅተም የላችሁም። አንዴ በአርባዋ ሰው ፈርቼ አሳፍሬያታለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም።

ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት ወንበሮቹን ያጠፍኩላችሁ፣ የአዳራሹን በረዶ የዛቅሁላችሁ፣ ወደፊትም ካልከለከላችሁኝ የማጥፍና የምዝቅ፣ ለውሳኔያችሁ ጥልቅ አክብሮት ያለኝና ፈጽሞ የማልታዘዘው ወንድማችሁ፣

ደርበው፣ የፀሐይወርቅ ባል
ታራዴል

ግልባጭ፦
ለአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ (ከተነሣ ሌላ ቅጂ አለኝ)
ለማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ
ለአቶ አድማሱ ባርኔጣ

ማሳሰቢያ፦ እትዬ ሸዋዓለም፣ ማማሰያዎ እኔ ጋ ቀርቷል። ቤቱ እንዳይጠፋባችሁ ብዬ ከአጥሬ ጥግ አስሬዋለሁ፤ እጀታው ወደ በሬ ያመለክታል፣ እንግዶቼ በእሱ ይመጣሉ። እርስዎም እሱን ተከትለው ይምጡ፤ ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ እፈታልዎታለሁ። የአቶ ኪራኮስ ቦታ እንደ ድሮው በበሩ በኩል ናት፤ ኮታቸውን ግን ዘንድሮ ያውልቁ።